የፋሲል ግቢን ለጎብኚ እንዴት እናስረዳ? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ስለ አንድ ቦታ ናቸው፤ ስለ ጎንደሩ ፋሲል ግቢ። ከአስጎብኚዎች፣ ከመምህራን፣ ከህትመት ባለሙያዎችና ግቢውን አይተው ቅር ብሏቸው ከተመለሱ ጎብኚዎች የደረሱን ናቸው። ተመሳሳዮቹን አዋህደናል፤ ረጃጅሞቹንም አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ አስጎብኚ ነኝ። ከአፄ ፋሲል እስከ እቴጌ ምንትዋብ ያለውን ታሪክ በቅደም ተከተል፣ አንድም ዘመን ሳልዘል እናገራለሁ። ሦስተኛው ግንብ ላይ ስንደርስ ግን ሰዎቹ ስልካቸውን መነካካት ይጀምራሉ። ምን ጎደለኝ?

የጎደለ የለም፤ በዝቶብዎታል። ጎብኚው ከእርስዎ ጋር የሚቆየው አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በዚህ ጊዜ የስድስት ነገሥታትን ዘመን፣ የልጆቻቸውን ስምና የዘመቻዎቻቸውን ቦታ የሰማ ሰው ማታ ማረፊያው ሲገባ አንዱም አይታወሰውም። መጀመሪያ የሚወሰነው ጎብኚው ከግቢው ሲወጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ምን ይዞ እንደሚሄድ ነው። እኛ ብንጠየቅ የምንመርጠው ይህን ነው፦ በድንኳን ሲዘዋወር የኖረው ቤተ መንግሥት እዚህ በድንጋይ ተተከለ፤ ከዚያ ወዲህ የነገሠውም ካባቱ ቤት አጠገብ የራሱን እያቆመ ሄደ። ይህ ዓረፍተ ነገር የተመረጠው ስላማረ አይደለም። «በአንድ ግቢ ይህ ሁሉ ግንብ ለምን አስፈለገ?» ለሚለው፣ እያንዳንዱ ጎብኚ በሆዱ ይዞት ለሚዞረው ጥያቄ መልስ ስለሆነ ነው። ከዚህ ጋር የማይያያዝ መረጃ ሁሉ ለሚጠይቅ ሰው ይቆይ።

ቀጥሎ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡ። ብዙ አስጎብኚ ታሪኩን ጨርሶ «እንግዲህ ይህ ነው ግንቡ» ይላል። ግንቡ ይቅደም። አፄ ፋሲል ግንብ ፊት ሲደርሱ ግማሽ ደቂቃ ያህል ዝም ይበሉ፤ ሰው መጀመሪያ ፎቶ ማንሳት ይፈልጋልና ያንሳ። ከዚያ ይጠይቁ፦ «ይህ ምሽግ ይመስላችኋል ወይስ መኖሪያ?» አራቱን የማዕዘን ክብ ማማዎችና ጣሪያውን የከበበውን ጥርሳም ግንብ ያየ «ምሽግ» ይላል፤ ሰፋፊዎቹን መስኮቶችና በረንዳውን ያስተዋለ ደግሞ «መኖሪያ» ይላል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1636 እ.ኤ.አ. አካባቢ መቀመጫቸው እንዳደረጓት የሚነግሯቸው እዚህ ላይ ነው፤ አሁን ቁጥሩ የሚያርፍበት ቦታ አግኝቷል።

ለ70 ደቂቃ ጉብኝት የምንመክረው ክፍፍል ይህን ይመስላል፦ ፋሲል ግንብ ውስጡንም ውጭውንም 20 ደቂቃ፣ የአፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት 5፣ የአፄ ኢያሱ ግንብ 12፣ የአፄ ዳዊት የዜማ አዳራሽ 5፣ የአፄ በካፋ 8፣ የእቴጌ ምንትዋብ 10፣ ቀሪው 10 ለመንገድ። በአንድ ቦታ ሳያቋርጡ ከ4 ደቂቃ በላይ አይናገሩ። ፀሐይዋ በእርስዎ ፊት ላይ ትሁን፤ እነሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ሊሰሙዎት አይችሉም። የመጨረሻው ሰው ሳይደርስ አይጀምሩ፣ እየሄዱም አይናገሩ፤ የሚሰማዎት ከፊት ያሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ቡድኑ ከ15 ሰው ካለፈ ለሁለት ይከፈል።

ሳይነካ የቀረ ሀብት ደግሞ አለ፤ የበሮቹ ስም። አጥሩ 900 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፣ በሮቹም በተለምዶ 12 ናቸው ይባላል። ወንበር በር፣ እምቢልታ በር፣ ተዝካሮ በር፣ ባልደራስ በር እያሉ ሲጠሯቸው ዳኛው፣ እምቢልተኛው፣ ለተዝካር የሚገባው ሕዝብና የፈረሶቹ ሹም አብረው ይመጣሉ። ከአንዱ ግንብ ወደ ሌላው ሲሻገሩ በሩን በስሙ ጠርተው «በዚህ ማን ይገባ ነበር?» ብለው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። እንግዳ «እዚህ ውስጥ ምን ነበር?» ሲለኝ የማሳየው የለኝም። ዙፋንና አልጋ አሠርተን ብናስገባ ምን ይመስላችኋል?

አንመክርም። የቅጂ ዕቃ ሁለት ጣጣ አለው። እንዴት ይመስል እንደነበር ማስረጃ ከሌለ ጎብኚው የናንተን ግምት እንደ እውነት ይዞት ይሄዳል፤ በዚያ ላይ ከአንድ ክረምት በኋላ አቧራ የለበሰው ጨርቅ ክፍሉን ከባዶነቱ የባሰ ያደርገዋል።

ባዶ ክፍል እኮ ያወራል። ፎቁ በፈረሰበት ክፍል ግድግዳው ላይ በእኩል ከፍታና በእኩል ርቀት የተደረደሩ ቀዳዳዎች ካሉ የወለሉ ተሸካሚ እንጨቶች ጫፍ ያረፈባቸው ናቸው፤ ጎብኚው በጣቱ እየተከተለ የጠፋውን ወለል በአየር ላይ ሊስለው ይችላል። ወደ ባዶ አየር የሚከፈት በር ካለ ከዚያ ማዶ ሌላ ክፍል ወይም በረንዳ ነበር ማለት ነው። ግድግዳው ውስጥ የተተወ ማስቀመጫ፣ የልስን ቅሪት፣ እግር የበላው ደረጃ፣ ሁሉም ያስረዳሉ።

ለዕቃው የዓይን ምስክር አለ። በ1648 እ.ኤ.አ. ወደ አፄ ፋሲል የተላከው የየመን መልእክተኛ ሐሰን ኢብን አሕመድ አል ሐይሚ ቤተ መንግሥቱን ገብቶ አይቷል፤ ከድንጋይና ከኖራ መሠራቱን፣ ውስጡም ከውጭ በመጡ ምንጣፎችና መቀመጫዎች ማጌጡን ጽፏል። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴም በአፄ ኢያሱ ዘመን፣ በ1700 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ጎንደርን አይቶ የቤተ መንግሥቱን ድምቀት ገልጿል። ከእነዚህ ጽሑፎች ሁለት መስመር አውጥቶ በክፍሉ ደጃፍ ማስነበብ ከቅጂ ዙፋን ይበልጣል፤ ወጪው የአንድ ሰሌዳ ብቻ ነው።

የፈረሰውን በሥዕል ማሳየት ከፈለጋችሁ የቆመው ክፍል በደማቅ መስመር፣ ግምት የሆነው በነጠብጣብ መስመር ይሳል፤ ልዩነቱም ከሥዕሉ ሥር ይጻፍ። የአፄ ኢያሱ ግንብ ለዚህ የተመቸ ነው። በ1704 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በኋላም በ1941 እ.ኤ.አ. ጦርነት የእንግሊዝ የአየር ድብደባ ጎድቶታል። «ለምን ጣሪያ የለውም?» ለሚል ልጅ የሥዕሉ መልስ በአንድ አፍታ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ «ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት፣ አይደል?» የሚል እንግዳ አይጠፋም። «ኧረ እኛው ነን» ስል ይከራከረኛል። ቁርጡን ንገሩኝ።

ማስረጃውን ቢዘረጉለት ክርክሩ ይቀራል። አፄ ፋሲል በ1632 እ.ኤ.አ. ሲነግሡ አባታቸው አፄ ሱስንዮስ የተቀበሉትን የካቶሊክ እምነት ትተው የኦርቶዶክስን እምነት መልሰዋል፤ የጀስዊት ሚሲዮናውያንንም በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ አባረዋል። ጎንደር የተመሠረተችው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ «ፖርቹጋሎች ሠሩት» የሚለው በዘመን ስሌት እንኳ ይዳከማል።

ነገር ግን «ከውጭ ምንም አልመጣም» የሚለውም አይቆምም። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከህንድ የመጣ ሰው ለኖራ የሚሆን ድንጋይ አገኘ የሚለውን የጀስዊት ጸሐፍት መዝግበዋል፤ ሚሲዮናውያኑም በጎርጎራና በሌላ ቦታ በኖራ ገንብተዋል። ከላይ የጠቀስነው አል ሐይሚ ዋናው ግንበኛ ህንዳዊ እንደነበር ይናገራል። በሌላ በኩል በእንፍራንዝ አቅራቢያ ያለው የጉዛራ ግንብ በተለምዶ ለአፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597 እ.ኤ.አ.) ይሰጣል፤ ይህም ከጎንደር በፊት ነው። ከአገር ውስጥ ባለሙያዎች መካከል የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች ድርሻ ይጠቀሳል። ለእንግዳው እንዲህ ይበሉት፦ «ያሠራው የአገሩ ንጉሥ ነው፤ ኖራውና አሠራሩ የህንድንም፣ ከዚያ በፊት የነበሩትን የሚሲዮናውያን ግንባታዎችም ልምድ ይዟል፤ ድንጋዩን የተሸከመውና የጠረበው የዚሁ አገር እጅ ነው።» ካልረካ ማማዎቹን ቀና ብሎ ይይና ከየት አገር ሕንፃ ጋር እንደሚመሳሰሉበት ራሱ ይናገር።

ከዚህ የሚከተል አንድ ልማድ እንመክራለን። የሚናገሩትን ሁሉ በልብዎ በሦስት ይመድቡት፦ ተጽፎ የተገኘ፣ ከግንቡ የሚነበብ፣ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ። አፄ ፋሲል ጎሽ ተከትለው ቦታውን አገኙት የሚለው ሦስተኛው ምድብ ውስጥ ነው። ይነገር፤ ሰው ይወደዋል። ግን «እንዲህ ይባላል» ተብሎ ይነገር። አል ሐይሚን በጠቀሱበት ድምፅ ጎሹንም ካወሩት እንግዳው ከሁለቱ አንዱን ሳያምን ይሄዳል፤ የትኛውን እንደሆነ ደግሞ አያውቁም።

ጥያቄ፦ የህትመት ሥራ አለኝ። ለቅርስ ቦታ የሚሆን የማብራሪያ ሰሌዳ እንድሠራ ተጠይቄያለሁ። የተሰጠኝ ጽሑፍ ለአንድ ሰሌዳ በኮምፒውተር ሁለት ገጽ ይሞላል። የፊደሉን መጠን፣ ዕቃውን፣ አተካከሉን በዝርዝር ብትነግሩኝ።

ከጽሑፉ እንጀምር፤ ሁለት ገጹን ተቀብለው ፊደሉን በማሳነስ ለማስገባት አይሞክሩ፣ ይመልሱት። ቆሞ የሚያነብ ሰው ለአንድ ሰሌዳ የሚሰጠው ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። በአማርኛ ከ100 እስከ 120 ቃል ጣሪያው ይሁን። አንድ የአማርኛ ግሥ ባለቤትንም ተሳቢንም ስለሚሸከም ይህ ብዙ ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው ትርጉም 150 እና ከዚያ በላይ ቃል ሊሆን ስለሚችል ቦታውን አስቀድመው ይተዉለት። ጽሑፉ ሦስት እርከን ይኑረው፦ ርዕስ፣ ቢበዛ 6 ቃል፤ መግቢያ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ይህን ብቻ አንብቦ የሄደ ሰው ዋናውን ያገኘ እንዲሆን፤ ከዚያ ዝርዝሩ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ከሰሌዳው ፊት ቆሞ የሚታይ ነገር ይጥቀስ። «በመስኮቶቹ ዙሪያ ያለው ቀይ ድንጋይ…» ብሎ የጀመረ ሰሌዳ አንባቢውን ቀና ያደርገዋል፤ «አፄ እገሌ የአፄ እገሌ ልጅ ሲሆኑ…» ብሎ የጀመረው ግን አንገቱን እንደደፋ ያስቀረዋል።

በአንድ ሰሌዳ ከሁለት ቋንቋ በላይ አይግባ። ሦስተኛውና አራተኛው በእጅ ወረቀት ወይም በድምፅ ይቅረብ።

የፊደል መጠን በነጥብ (በኮምፒውተሩ የፊደል መለኪያ) አይታዘዝ፤ በተለያዩ የአማርኛ ፎንቶች 24 ነጥብ አንድ ዓይነት ቁመት የለውም። በሚሊ ሜትር ይለኩት። አንድ ሜትር ላይ ቆሞ ለሚያነብ የዝርዝሩ ፊደል ቁመት ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር፣ የመግቢያው ከ11 እስከ 12፣ የርዕሱ ከ20 በላይ ቢሆን ደህና ነው። የግርጌ ሥዕል መግለጫም ከ5 አይውረድ። ከማተምዎ በፊት በ6፣ በ8 እና በ10 ሚሊ ሜትር አንድ አንቀጽ አትመው እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ይለጥፉትና መነጽር የሚያደርግ ሰው ያስነብቡ።

የእኛ ፊደል የራሱ ችግሮች አሉት። በጣም የደመቀ ፎንት «ጨ»፣ «ጩ»፣ «ጪ»ን በቀለም ይደፍናቸዋል፤ ለዝርዝሩ መካከለኛ ውፍረት ይምረጡ። በሁለት ጠርዝ የተስተካከለ አሰላለፍ አይጠቀሙ፤ ቃሎቻችን ረጃጅም ስለሆኑ በመካከላቸው ወንዝ የሚያክል ክፍተት ይፈጠራል። በግራ ብቻ ያሰልፉ፤ በአንድ መስመር ከ30 እስከ 40 ፊደል ይበቃል፣ በመስመሮች መካከልም ከተለመደው ሰፋ ያለ ክፍት ቦታ ይተዉ። ከአራት ነጥብ በፊት ባዶ ቦታ ከተተወ «።» ብቻውን ወርዶ የሚቀጥለውን መስመር ይጀምራል፤ ሰሌዳ ታትሞ ከወጣ በኋላ ከሚታዩ ስሕተቶች በብዛት የሚገኘው ይኸው ነው። ስሞችም በሁሉም ሰሌዳ አንድ ዓይነት ይጻፉ። አንዱ ላይ «ዐፄ ፋሲለደስ»፣ ሌላው ላይ «አጼ ፋሲል» ሲል ሕፃን ሁለት ንጉሥ ይመስለዋል።

ወደ ዕቃው ስንመጣ፣ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ነች፤ ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች። ብዙውን ጊዜ ቢጫውና ቀዩ ቀድሞ ይጠፋና ሰማያዊ የመሰለ ሰሌዳ ይቀራል። በላሜራ ላይ የተለጠፈ ስቲከር በእንዲህ ዓይነት ቦታ ከ2 እስከ 3 ዓመት ቢቆይ ነው፤ ጠርዙ መጀመሪያ ይነሳል፣ ውሃ ይገባል፣ ከዚያ ልጆች ይልጡታል። በከፍተኛ ግፊት የተጠቀጠቀ ላሚኔት ውስጡ ታትሞ ከተሠራ 10 ዓመት ገደማ ይሄዳል። በብረት ላይ የተጠበሰ ኢናሜል፣ ማለትም መስታወት መሰል ሽፋን፣ ከሁሉም ይቆያል፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ወረቀት በሁለት መስታወት መካከል አድርጎ መዝጋት ርካሽ ይመስላል፤ በክረምት እርጥበት ገብቶ ወረቀቱ ይሻግታል። የሚያብረቀርቅ ሽፋን አይጠቀሙ፤ ጠዋትና ማታ አንባቢው ከጽሑፉ ይልቅ ራሱን ያያል።

አተካከሉ ላይ ሕግም አለ። ግቢው በጥቅምት 1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ይመለከተዋል። ያለ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ መሬቱ አይቆፈርም፣ ግድግዳው አይበሳም። ፈቃድ ቢገኝ እንኳ ከቁፋሮ የሚሻል መንገድ አለ፦ መሬቱ ላይ ብቻ የሚቀመጥ ከባድ ግርጌ። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሌላ ቦታ የተሠራ የኮንክሪት ንጣፍ 130 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሰሌዳ ይሸከማል፣ በቀላሉም አይሰረቅም። ከሥሩ ጨርቅ መሳይ መለያና አሸዋ ይነጠፍ፤ ሲሚንቶ ከጥንቱ ድንጋይ ጋር በቀጥታ ከተገናኘ ጨው እያስተላለፈ ያበላሸዋል፣ ሲነሣም አብሮ ይነቅላል። ብረቱ ዚንክ የተነከረ ይሁን፤ ካልሆነ ዝገቱ በዝናብ ታጥቦ ድንጋዩ ላይ ቡናማ መስመር ይተዋል። አሉሚኒየምና ብረት በሚገናኙበት ብሎን ሥር የፕላስቲክ ቀለበት ያስገቡ፤ አለዚያ አንዱ ሌላውን ይበላዋል።

ሰሌዳው 90 በ60 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቢያጋድል፣ የታችኛው ጠርዙም ከመሬት ከ75 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ልጅም ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለም ያነበዋል፣ ከኋላው ያለውን ግንብም አይጋርድም። ሰው ፎቶ በሚያነሳበት መስመር ላይ አይቁም። አንድ ሰው ሲያነብ ሌላው የሚያልፍበት ቢያንስ ሜትር ተኩል ይተዉ።

ጥያቄ፦ አንዱ ሰሌዳ አፄ ፋሲል በ1624 ነገሡ ይላል፣ ሌላው 1632። የቱ ነው ልክ?

ሁለቱም። 1624 በእኛ፣ 1632 በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው። ችግሩ ሰሌዳው የትኛውን እንደተጠቀመ አለመናገሩ ነው። አማርኛው ላይ ዓ.ም. ቀድሞ እ.ኤ.አ. በቅንፍ ይከተል፣ እንግሊዝኛው ላይ እ.ኤ.አ. ብቻ። ሲቀየር ደግሞ ዝም ብሎ 8 አይቀነስም፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ላለው ጊዜ ልዩነቱ 7 ነው። ግቢው በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በጥቅምት ስለሆነ 1979 እ.ኤ.አ. የሚሆነው 1972 ዓ.ም. ነው፤ 1971 ብሎ የሚጽፍ ግን ብዙ ነው። ወሩ በማይታወቅበት ጊዜ «1628/29» ብሎ ሁለቱንም መጻፍ ያስከብራል እንጂ አያሳፍርም።

ጥያቄ፦ በኪውአር ኮድ የድምፅ ገለጻ ለማዘጋጀት አስበናል። ምን እንጠንቀቅ?

ኔትወርክን። በወፍራም ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ኢንተርኔት የሚያገኝ ሁሉም አይደለም። ድምፁን በአንድ ቻናል፣ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ብታስቀምጡት የ2 ደቂቃ ገለጻ 1 ሜጋባይት ያህል ብቻ ይሆናል፤ 12 ማቆሚያዎች 12 ሜጋባይት ናቸው ማለት ነው። ቲኬት መቁረጫው አጠገብ ዋይፋይ ተደርጎ ሁሉም በአንድ ጊዜ እዚያው ይውረድ፤ በየግንቡ ቁጥር ብቻ ይለጠፍ።

ኮዱ የሚነበብበትን ርቀት አንድ አሥረኛ ያክል፤ ከ40 ሴንቲ ሜትር ለሚነበብ 4 ሴንቲ ሜትር። ዙሪያውን ባዶ ነጭ ጠርዝ ይኑረው፣ ቀለሙ በነጭ ላይ ጥቁር ይሁን፤ ቡናማ በወርቃማ ያምራል እንጂ አይነበብም። በነጻ የሚሰጡ ኮድ ሠሪዎች አንዳንዶቹ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ካልተከፈለ ኮዱ ይሞትና የታተመው ሰሌዳ ሁሉ ዋጋ ያጣል። አድራሻው የራሳችሁ ይሁን። ከኮዱ ሥርም «ይቃኙ» ከማለት «የእንፋሎት መታጠቢያው እንዴት ይሞቅ ነበር? 2 ደቂቃ» ብሎ መጻፍ ስልክ ያስወጣል።

ጽሑፉ ለጆሮ ይጻፍ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ረጅም ዓረፍተ ነገር የሚሰማ ሰው ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ይደክማል፤ በ12 ቃል አካባቢ ይዝጉት። «በስተግራዎ» አይበሉ፤ ሰውየው ወዴት ዞሮ እንደቆመ አታውቁም። «ክብ ማማውን ፊት ለፊት እያዩ ይቁሙ» ብላችሁ ካስቆማችሁት በኋላ ግራና ቀኝ ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ የሰባተኛ ክፍል መምህር ነኝ። 60 ተማሪ ይዤ ስገባ ገለጻው ለኔ ብቻ ይሆናል።

ለ60 ልጅ አንድ ገለጻ አይሆንም። አራት ቦታ ላይ አራት ቡድን፣ በያንዳንዱ 15 ልጅና አንድ አዋቂ፣ በየቦታው 15 ደቂቃ፣ ለመለዋወጥ 5 ደቂቃ ያድርጉ። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ስድስት ጥያቄ ይስጧቸው፤ በማየት ብቻ የሚመለስ እንጂ በማስታወስ የሚመለስ አይሁን። ለምሳሌ፦ የፋሲል ግንብ ግድግዳ በበሩ በኩል በስንዝር ሲለካ ስንት ነው? በምንትዋብ ግንብ ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጸውን መስቀል ሣሉት። የአንበሶቹ ቤት የት ነው፣ ከዚያስ ድምፃቸው የትኛው ግንብ ድረስ ይሰማ ይመስላችኋል? ከበሮቹ በአንዱ ማን ይገባ ነበር?

የእነማን ከተማ እንደነበረችም ይጠየቅ። በ1668 እ.ኤ.አ. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ተወስኗል፤ የአዲስ ዓለም ሰፈር ከዚያ ጋር ይያያዛል። ከግቢው አጥር ውጭ ማን ይኖር እንደነበር ያልሰማ ልጅ ጎንደር የነገሥታት ብቻ ትመስለዋለች።

ለእያንዳንዱ ልጅ መጻፊያ ካርቶን ያዘጋጁ። ካልያዙ ወረቀታቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ይጽፋሉ።

ጥያቄ፦ ግድግዳው ላይ ስማቸውን የሚጭሩ አሉ። «መጻፍ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ አልጠቀመም።

«ብዙ ሰው ግድግዳውን እያበላሸ ነው» የሚል ዓይነት ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም፤ ሌላውም እንደሚያደርገው ማብሰር ነው። ምክንያቱን በአጭሩ ይጻፉ፦ «የኖራው ልስን ለስላሳ ነው፤ የተጫረው ተመልሶ አይሞላም።» አስጎብኚው ይህን መግቢያው ላይ ይናገር፣ ከተፈጸመ በኋላ አይደለም። የኖራ ናሙና በእጅ የሚነካበት ቦታ ማዘጋጀትም የመንካቱን ፍላጎት ያበርደዋል።

ጥያቄ፦ እናቴ በተሽከርካሪ ወንበር ትንቀሳቀሳለች፣ ከኛ ጋር የነበረ ጓደኛችን ደግሞ ማየት አይችልም። ሁለቱም ከበሩ አላለፉም ማለት ይቻላል። ምን ሊደረግ ይችል ነበር?

ሁሉም ፎቅ ላይ መውጣት አይቻል ይሆናል፤ ምድር ቤቱና ግቢው ግን ይቻላል። የራምፕ ልክ ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት ነው፤ 15 ሴንቲ ሜትር ለሆነች አንድ ደረጃ 1.80 ሜትር የሚነሣ የእንጨት ራምፕ ይበቃታል። በድንጋዩ ላይ አይቸነከር፤ ከሥሩ ጎማ ተደርጎ ይቀመጥ። ላልተወጣው ፎቅ ከላይ የሚታየውን አንድ በአንድ የሚያሳይ ትልልቅ ፎቶ ያለው መጽሐፍ ምድር ቤት ይኑር።

ማየት ለማይችል ጎብኚ የሚዳሰስ ሞዴል ከሁሉም ይበልጣል። በ1፡50 ልኬት 10 ሜትር የሆነ ግድግዳ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ጣት መስኮቱንና ጉልላቱን ለይቶ ያውቃል። ከብረት ከተሠራ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፤ በቀትር ፀሐይ እጅ ያቃጥላል። የብሬል ጽሑፉ ሞዴሉ ላይ ሳይሆን ጠርዙ ላይ ይሁን፤ አለዚያ ነጠብጣቡ የግንቡ ጌጥ ይመስላል። አጠገቡ በትሪ ላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ቀዩ ድንጋይና የኖራ ቁራጭ ይቀመጥ፤ ከጥንቱ ግንብ የተነቀለ ሳይሆን አዲስ ናሙና። ይህን ዓይን ያለውም ሰልፍ ይዞ ይነካዋል።

ጥያቄ፦ አዲስ ሰሌዳ አቁመናል። መሥራቱን እንዴት እናውቃለን?

«ወደዱት?» ብሎ በመጠየቅ አይታወቅም፤ እንግዳ ሰው አያስከፋም። ከሰሌዳው ራቅ ብሎ የሚቀመጥ አንድ ሰው ሰዓት ይዞ ከሚያልፉት ሦስተኛውን ሁሉ እየለየ 50 ሰው ይመዝግብ፦ ቆመ ወይስ አለፈ፣ ስንት ሴኮንድ ቆየ፣ ካነበበ በኋላ ቀና ብሎ ግንቡን አየ ወይ። ቀና ብሎ ማየቱ ከሁሉም የሚበልጥ ነው፤ ሰሌዳ ዓላማው ያ ነውና። አንድ የሥራ ቀንና አንድ የዕረፍት ቀን ይሁን። የጥምቀትን ሳምንት ይዝለሉት፤ ሕዝቡ ለሌላ ጉዳይ ነው የሚመጣው።

መውጫው ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ይህን ቦታ ላላየ ሰው አንድ ነገር ንገር ቢሉዎት ምን ይሉታል?» የተባለውን ቃል በቃል ይጻፉ። ብዙው ሰው «ትልቅ ነው፣ ያምራል» ካለ ገለጻው አልገባም። «እያንዳንዱ ንጉሥ የራሱን ሠርቶ» ካለ ገብቷል።

ይህ ሁሉ ከመታተሙ በፊት ቢደረግ ይመረጣል። ጽሑፉን በወረቀት አትማችሁ ካርቶን ላይ ለጥፋችሁ በታሰበው ቦታ፣ በታሰበው ቁመት ለጥቂት ቀናት አቁሙት። ሰዎች ቆመው አጋማሽ ላይ ከተዉት ጽሑፉን አሳጥሩ። ካነበቡ በኋላ «የትኛው ነው?» እያሉ ዙሪያውን ካዩ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሚታየውን ነገር በትክክል አልጠቆመም። ከ50ው አብዛኛው ጭራሽ ካልቆመ ግን ቃላቱን ሳትነኩ ካርቶኑን ሦስት እርምጃ አዛውራችሁ እንደገና ቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቦታው ነው።